ሳንለማመድ አንነሳ

ከዋሽንግተን ዲሲ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ በቦዩ ዳር የሚወስደው መንገድ 184.5 ማይል ነው። ባለፈው ሰመር ከልጄ ጋር በብስክሌት ልንጨርሰው ወጥተን፣ በ2ኛው ቀን ጉልበቴን አሞኝ ተመለስን። ልጄ አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ ነው። ብስክሌቴ ጋደም ብለው፣ እግር ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት ዓይነት ነው፤ ወንበሩ ስለሚመች ልምምድ የማያስፈልገው መሰለኝ። ለካስ መደገፊያውን ተማምኖ ከባድ ማርሽ መግፋት ለጉልበት ጠንቅ ኖሯል!

ስለዚህ እኔ የምለው፦ አስቀድመን ጓዛችንን ጭነን 2 ቀን በተከታታይ እንሞክር፤ ማርሹን እናቅል፤ ብስክሌቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ መኪና እንዲያየን ረጅም ባንዲራ እንትከልበት። ልጄ እዚሁ የተማረችውን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተርታብኛለች። ዘንድሮ የምንነሳው በሷ ምክር ነው።