ሽንኩርቱን ያስወደደው ማን ነው?

 

በየዓመቱ ሻዕባን ሊገባደድ ሲል በመስጂድ ደጃፍ የምንሰማው ወሬ አንድ ነው፤ «ነጋዴው ፆም መግባቱን አይቶ ዋጋ ጨመረ» የሚል። እኛም በኹጥባችን ነጋዴውን ስንወቅስ ኖረናል። አንድ ዓመት ያጋጠመን ነገር ግን አሳፈረን። ለምስኪኖች ማፍጠሪያ ብለን ከጀመዓው ገንዘብ ሰበሰብንና ፆሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የወሩን ሽንኩርት ከሰፈራችን ገበያ በአንድ ጊዜ ገዛን። ጆንያውን እያስጫንን ሳለ አንዲት እናት መጥተው ዋጋ ጠየቁ። ሻጩ ጠዋት ሲጠራው ከነበረው አስበልጦ ነገራቸው። ኪሎ ሊገዙ የመጡት እናት ግማሽ ኪሎ ይዘው ተመለሱ።

ከሳምንት በኋላ እኒያው እናት ለማፍጠር ወደ መስጂዳችን መጡ። እኛ ያስወደድንባቸውን ሽንኩርት ሾርባ ውስጥ ጨምረን አቀረብንላቸው። ከጆንያውም ከፊሉ በስብሶ ተጣለ።

የግብርና ተማሪዎች ኢኮኖሚክስ ሲጀምሩ የሚማሩት ይህንኑ ነው። ሽንኩርት ዛሬ ስለተፈለገ ዛሬ አይበቅልም፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ገበሬው ከወራት በፊት የተከለው ነው። ገዢው በሁለት ቀን ውስጥ ቢበዛ ምርቱ አብሮ አይበዛም፤ የሚጨምረው ዋጋው ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ምግብ ተወደደ ብሎ መብላት ስለማይተው ትንሽ እጥረት ትልቅ ጭማሪ ታመጣለች። ምርቱን ቀደም ብሎ የሸጠው ገበሬም ከዚህ ጭማሪ የሚያገኘው የለም።

በዚህ ላይ ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። አንዳንዴ የመኸሩ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አንዳንዴም ጎተራው በጎደለበት ክረምት ይመጣል። የቤታችን ወጪ ግን ይህን ሳያይ ሁሌም በአንድ ሳምንት ይፈስሳል።

ሃይማኖታችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ተመን እንዲያወጡላቸው ጠየቁ። እሳቸው ዋጋ በአላህ እጅ መሆኑን አስረድተው፣ የማንም ሰው ሐቅ ሳይኖርባቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹ ነገሯቸው። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ገበያ የሚያዛባውን ግን ዝም አላሉም። እህል ይዞ መወደዱን የሚጠብቅ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን ተናግረዋል። ከገጠር የሚመጣውን ሻጭ፣ የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትንም ከልክለዋል። ይህ ክልከላ ገበሬውን ከመታለል፣ ሸማቹንም ከመወደድ ይጠብቃል።

«ታዲያ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ሐራም ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አይደለም። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በጥጋቡ ዓመታት እህሉን ከነዛላው አስቀምጠው በድርቁ ዓመታት ሕዝብ አድነዋል። መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ ነበር። ልዩነቱ ጊዜውና ኒያው ላይ ነው። በጥጋብ ጊዜ አስቀምጦ በችግር ጊዜ የሚያወጣ ሰው ለሰው ይጠቅማል። በችግር ጊዜ ገዝቶ የሚደብቅ ግን የሌላውን ጉሮሮ ያንቃል።

እኛ ከዚያ ዓመት ወዲህ አሠራራችንን ለውጠናል። መዋጮውን በረጀብ እንሰበስባለን። የማይበላሸውን ዱቄት፣ ምስርና ዘይት ገበያው ሳይጨናነቅ ጥቂት በጥቂት እንገዛለን፤ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ደግሞ በየሦስት ቀኑ። የሚጣለው ቀንሷል፤ በዚያው ገንዘብም የምናስፈጥረው ሰው በርክቷል።

ለዘንድሮም ጊዜው አላለፈም፤ የዒድ ግርግር ገና ከፊታችን ነው። ዘካተል ፊጥርን ተመልከቱ። በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚሆን ምግብ ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ከ15 እስከ 18 ኪሎ እህል ያስፈልገዋል። ሁላችንም በዒድ ዋዜማ ለመግዛት ከወጣን፣ ለድሃ የምንሰጠውን እህል በዚያው በድሃው ላይ እናስወድዳለን። እህሉን ከአሁኑ ከፋፍሎ መግዛት ማንንም አይጎዳም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ለባለሐቁ ይደርሳል።

እናቶች ሆይ፣ ማዕዱ ላይ ሦስት ዓይነት ሳምቡሳ ባይኖር ፆማችን አይጎድልም። ነጋዴ ወንድሞቻችን፣ ትርፍ ሐላል ነው፤ መጋዘን ቆልፎ የሰውን ረሃብ መጠበቅ ግን በረካ የለውም። እኛ ኢማሞችም ነጋዴውን ለመውቀስ ሚንበር ላይ ከመውጣታችን በፊት የራሳችንን ዘንቢል እንመልከት።

አላህ ፆማችንን ይቀበለን፤ በገበያችንም በማዕዳችንም በረካውን ያውርድልን። ወላሁ አዕለም።