ደብተሩ ይመስክርብኝ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሻይ ቤት ነው። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ዓለት መውጣት የሚወድ፣ ጣቶቹ እንደ ግንበኛ ጣቶች የሻከሩ አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። ዕድሜያችን ቢራራቅም ያወዳጀን ዓለት ነው። የዚያን ዕለት ጨዋታን ጨዋታ ሲያነሣው «ለመሆኑ የወጣሃቸውን ትጽፋለህ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ሒሳብ ሹም ሊያደርጉኝ ነው እንዴ? እኔ ዓለት የምወጣው ከሒሳብ ለመሸሽ ነው። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ አለቀ። የሚጽፍ ሰው ለታይታ የሚወጣ ሰው ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም። ሰው ዝም የሚለው መልስ ሲያጣ ብቻ አይደለም፤ መልሱ የራሱን ጉድ የሚያወጣ ሲሆንም ዝም ይላል። ዛሬ ግን ጉዴም ይውጣ፣ ክርክሩም ይቀጥል ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ዓለት የሚወጣ ሰው ደብተር መያዝ አለበት ባይ ነኝ።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ዓለት መውጣት ስል ተራራ ለተራራ በእግር መጓዝ ማለቴ አይደለም። ቀጥ ብሎ በቆመ ድንጋይ ላይ በእጅና በእግር ተጣብቆ መውጣት ማለቴ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። አንዱ ፊት ይመራል፤ ሌላው ከታች ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል፤ መሪው ከላይ ደርሶ ራሱን ሲያስር ተከታዩ ይወጣል። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። መሪው ቢወድቅ፣ ገመዱ የሚይዘው ከታቹ ያለውን የመጨረሻ ማሰሪያ አልፎ ቁልቁል ከተወረወረ በኋላ ነው። ተከታዩ ግን ገመዱ ከበላዩ ስለሆነ ቢንሸራተት እዚያው ይንጠለጠላል። ዓለቱ ያው ነው፤ ፍርሃቱ ግን የትና የት!

ይህን ሙያ የቀመስኩት በ1976 ዓ.ም. ለትምህርት በተላክሁባት በድሬስደን ነው። ያን ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር ነበረ። ከከተማዋ ወጥቶ በባቡር የኤልበን ወንዝ ይዞ ጥቂት ሲጓዙ ከ1100 በላይ የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች ለየብቻቸው ቆመው ይታያሉ። የአገሬው ሰው ሕግ ጥብቅ ነው። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ በስንጥቁ ውስጥ የብረት መያዣ መሸጎጥ ክልክል፤ የገመድ ቋጠሮ ብቻ። የእጅ ላብ የሚያደርቀውን ነጭ ዱቄት መጠቀም ክልክል። ዝናብ ዘንቦ ድንጋዩ ሳይደርቅ መውጣት ክልክል። (ክልክል የበዛበት አገር ነበር ቢባል አልከራከርም፤ ይህኛውን ክልከላ ግን መንግሥት አላወጣውም። ራሳቸው ወጪዎቹ ናቸው ያወጡት። ከግንቡ መፍረስ በኋላም የጸናው ይኸው ነው።)

ማማው ጫፍ ላይ ሲደርሱ በብረት ሣጥን ውስጥ አንድ መዝገብ ይጠብቅዎታል። ቀኑን፣ የወጡበትን መንገድና ስምዎን ይጽፋሉ። በመጀመሪያ የመራው፣ ቀጥሎ የተከተለው። ይህ ልማድ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ አንሥቶ የቆየ ነው። ብዙዎቹ ከዚህ ሌላ በየቤታቸው የግል ደብተር ነበራቸው። እኔም ከሰው ላለማነስ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ገዛሁ።

ወጣቱ ወዳጄ እዚያ ቢገኝ ኖሮ የሚስቅበት አያጣም ነበር። ማማዎቹን አንድ ሳያስቀሩ ለመጨረስ የተሳሉ፣ እንደ ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች ነበሩ። ድንጋዩን ሳይሆን ቁጥሩን የሚወጡ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልክ መጣና ነገሩን አባሰው፤ ላቡ ሳይደርቅ ለሺህ ሰው የሚያበሥር ሞልቷል። በዚህ እኔና ወጣቱ አንድ ነን። ግን የደብተሩ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? ሰው ለታይታ ስለሚጸልይ ጸሎት ይቅር ይባላል? እኔ የምከራከርለት ማንም የማያየውን ደብተር ነው። የወጣሁትን ብቻ ሳይሆን የፈራሁበትን፣ የተመለስኩበትን፣ የወደቅሁበትን የምጽፍበትን።

አሌክስ ሆኖልድን የማያውቅ ዓለት ወጪ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤል ካፒታንን ያለ ገመድ የወጣው አሜሪካዊ ነው። ከዚያ በፊት በ2008 ሃፍ ዶም የተባለውን ዓለት ሰሜን ምዕራብ ግድግዳ እንዲሁ ያለ ገመድ ወጥቶ ነበር። ዓለም አጨበጨበለት። እሱ ግን ወደ ጫፉ ሲቃረብ ፍርሃት ይዞት እንደነበር ያውቃል፤ ስለዚህ በደብተሩ ላይ ከዚያ ቀን አጠገብ የተከፋ ፊት ሣለበት። ይህ ለታይታ የተጻፈ ነው የሚለኝ ይምጣ! የተጨበጨበለት ሰው ራሱን በራሱ የገሠጸው በዚያች ደብተር ነው። ገና በሕይወት የመኖሩ ምስጢር ምናልባት ከዚያች የተከፋች ፊት ጋር ሳይገናኝ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

«በገራልታስ?» ይለኛል ወጣቱ፤ አውቀዋለሁ፣ ይህችን ሳያነሣ አይቀርም። የአቡነ የማታ ጉሕ ካህናት በባዶ እግራቸው ያንን ግድግዳ ሲወጡ ማን ጻፈላቸው? እናቶች ክርስትና ለማስነሣት ሕፃን አዝለው ይወጡታል። እነሱ ሳይጽፉ እኛ የቅንጦት ወጪዎቹ ምን አስቆጠረን?

ይህ ከክርክሮቹ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ አሳስቦኛልም። ነገር ግን የብራና መጻሕፍታችንን ኅዳግ የገለጠ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ማን ምን እንደ ሰጠ፣ የትኛው ርስት ለየትኛው ደብር እንደ ተተከለ፣ በጥንቃቄ ተጽፎ ይገኛል። አባቶች ለነሱ ዋና የሆነውን ነገር አልጻፉም ማለት አይቻልም። ለካህኑ ዋናው ቅዳሴው ነው፤ ግድግዳው መንገድ ነው፤ እኔም ወደ ሥራ ስሄድ የወጣሁትን ደረጃ ጽፌ አላውቅም። እኔና ወዳጄ ከምንወጣው ዓለት ጫፍ ላይ ግን ቤተ ክርስቲያን የለም። የሚጠብቀን ሰው የለም። መውጣቱ ራሱ ነው ጉዳያችን። ታዲያ ጉዳያችን እሱ ከሆነ፣ እሱንም ካልጻፍነው፣ ምኑን ልንጽፍ ነው?

ስለ ጥቅሙ ብዙ አላወራም። ገመድ ዕድሜ አለው፤ ከባድ ውድቀት የያዘ ገመድ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። መቼ ተገዛ? ስንት ጊዜ ሰው ይዞ አዳነ? «ትዝ ይለኛል» በሚል ሰው ገመድ ለመታሰር ፈቃደኛ አይደለሁም።

«ውሸታም ደብተሩም ላይ ይዋሻል» የሚለኝ ደግሞ አለ። እውነት ነው። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማኤስትሪ እ.ኤ.አ. በ1959 በፓታጎንያ የሚገኘውን ሴሮ ቶሬን ከቶኒ ኤገር ጋር ወጣሁ አለ። ኤገር ሲወርዱ ሞተ፤ ፎቶግራፉ ያለበት ካሜራም ከሱ ጋር ጠፋ ተባለ። ሌሎች ተከታትለው ሄዱ፤ ከግድግዳው ታችኛው ክፍል ወዲያ የማኤስትሪን ዱካ ያገኘ የለም። በ2005 ሦስት ወጪዎች በዚያው ወገን እስከ ጫፍ ወጥተው ያሉት ይህንኑ ነው። ዛሬ የመጀመሪያው ያልተጠረጠረ መውጣት ተብሎ የሚቆጠረው የ1974ቱ የጣሊያኖች ነው። ማኤስትሪ ግን በ2021 እስኪሞት ድረስ ከቃሉ ንቅንቅ አላለም። ደብተር ቢኖረው ያድነው ነበር? አይመስለኝም። የግል ደብተር ለሌላ ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲሆንም አልጠይቅም።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን አውቆ የሚዋሸው አይደለም። ሳያውቀው የሚዋሸው ነው። ጉዴም እዚህ ላይ ነው።

ከነዚያ ማማዎች አንዱ ፋልከንሽታይን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1864 የባድ ሻንዳው ከተማ ስፖርተኞች በሰው ሠራሽ መርጃ እየታገዙ ወጡት። በ1892 ደግሞ ኦስካር ሹስተር ከጓደኛው ጋር ሌላ መንገድ አገኘለት፤ እስከ ዛሬ በስሙ የሹስተር መንገድ ይባላል። ከባድ እንዳይመስላችሁ። ደረጃው 12 በደረሰበት በዚያ አገር ይህ ሦስተኛ ደረጃ ነው። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስተርከው ኖሬያለሁ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ጉሙ ከወንዙ ይነሣል፤ እኔ ፊት እመራለሁ፤ አንድ ጀርመናዊ የክፍል ጓደኛዬ ከታች ገመድ ይዞ ቀና ብሎ ያየኛል። በሠርግ ቤት ተርኬዋለሁ። በለቅሶ ቤት ሳይቀር ተርኬዋለሁ። ልጄ በቃሉ ይወጣዋል።

እናቴ ባረፈች ጊዜ ቤቱን ስናነሣ ከአልጋዋ ሥር ከነበረ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ሰማያዊው ደብተር ወጣ። ከጀርመን ስመለስ እሷ ዘንድ አስቀምጬው ኖሯል። ቆሜ ገለጥኩት። በገዛ እጄ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ፋልከንሽታይን፤ የሹስተር መንገድ። እሱ መራ፣ እኔ ተከተልኩ። በጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ገመዱን አጥብቀው ብዬ ጮህኩ። እስክረጋ ድረስ ከላይ ሆኖ ዘፈነልኝ።»

ተቀመጥኩ። ለመዋሸት አስቤ አላውቅም፤ ይህን ማንም ባያምነኝ እኔ አምናለሁ። ስተርከው ስተርከው ግን፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቀው፣ ቦታችን ተለዋውጧል። እሱን ከላይ አውርጄ ከታች አቁሜዋለሁ። ከሁሉ የከፋኝ ደግሞ ሌላ ነው። ዘፈኑን ጨርሼ ረስቼዋለሁ። አንድ ሰው በባዕድ አገር፣ በገደል ላይ፣ ለፈራ ጥቁር እንግዳ የዘፈነውን ዘፈን ከታሪኬ አስወጥቼ በቦታው የራሴን ጀግንነት አስገብቻለሁ። ከሁለቱ የትኛው ታሪክ ይበልጣል? የዚያ ሰው አድራሻ ከግንቡ መፍረስ ወዲህ ጠፍቶኛል፤ ይቅርታ የምለው እንኳ የለኝም። ደብተሩ ባይገኝ ኖሮ ደግሞ ይቅርታ እንደሚያስፈልገኝም ሳላውቅ እሞት ነበር።

እንግዲህ ሻይ ቤት ውስጥ ለወጣቱ ወዳጄ ያልመለስኩለት መልስ ይኸው ነው። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ አለቀ ይላል። አያልቅም። እሱ ዝም ቢል እንኳ ትዝታው ዝም አይልም፤ እሱ በተኛበት ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይደልዛል። ጓደኛውንም ከገመዱ ላይ ይፈታዋል።

ያን ዕለት ማታ ልጄን ጠርቼ ገጹን አስነበብኩት። የጓደኛዬንም ስም በዚያው ነገርኩት፤ ለካስ በዚያ ሁሉ ትረካ ስሙን አንድ ቀን ጠርቼለት አላውቅም። ልጄ አንብቦ ሲጨርስ ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ አባዬ፣ አንተ የመራኸው የትኛውን ነው?» አለኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን ቆጠርን። በሦስት ዓመት ውስጥ 61 ጊዜ በገመድ ታስሬያለሁ። የመራሁት አራቱን ነው። በአራተኛው ላይ መሐል ደርሼ ፈርቼ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ ሦስት ነው።