ሚኪ ማውስን ሳታዩ እንዳትፈርሙ!

ሳምንቱ እንዴት አለፈ? የእኔ በስልክ አለፈ። ከደወላችሁልኝ መካከል አንዷ ያነሳችው ነገር የብዙዎቻችሁ ስለመሰለኝ የዛሬውን ገጽ ለእሷ ሰጥቻለሁ።

«ወንድሜ፣ ልጆቼን በትምህርት ቤት እረፍት ኦርላንዶ ልወስዳቸው ነው» አለችኝ። «አንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ አራት ሰው ታጭቀን ማደር አልፈልግም። ደግሞም ጾም ነው፤ ሽሮዬን የምሠራበት ኩሽና ያለው ኮንዶ ነገር ነው የምፈልገው። ግን እነዚያ ‹አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ስሙን› እያሉ የሚያስፈርሙት ሰዎች እጅ እንዳልወድቅ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?»

ስልኩን እንደያዝኩ ሳቅኩ። ሳቄ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም። ለምን መሰላችሁ? ይህን ትምህርት የተማርኩት በገዛ ቤተሰቤ ላይ ደርሶ ነውና!

ነጻው ቁርስ

በ2023 የፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ነው። የእኛ ሁዳዴ ገና አላለቀም። ታላቅ እህቴና ባለቤቷ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ዲዝኒ ወርልድ ሲሄዱ እኔን ልጅ እንድጠብቅ አስከተሉኝ። ከሜሪላንድ ከ800 ማይል በላይ በቫን ነድተን፣ ወገባችን ተቆርጦ ደረስን። ኮንዶውን የያዙት በስልክ በተነገራቸው «ልዩ ዋጋ» ነበር። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ኩሽና፣ መዋኛ... ዋጋው ደግሞ ከአንድ ተራ ሆቴል በታች! እንዴት ረከሰ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ቁልፍ ልንቀበል ስንገባ ሁለት ጠረጴዛ አለ። የመጀመሪያዋ ላይ ያለችው ልጅ ስማችንን አይታ ፈገግ ብላ ቁልፉን ሰጠችን። «የመኪና ማቆሚያ ወረቀታችሁን ደግሞ ከዚያች ጠረጴዛ ውሰዱ» አለችን። ወይ ያቺ ሁለተኛ ጠረጴዛ! አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለመስጠት ግማሽ ሰዓት ፈጀች። ለካስ ርካሹ ዋጋ የተሰጠው ባልና ሚስቱ በማግስቱ ጠዋት ስለ ቤቱ ገለጻ እንዲሰሙ ነው። ካልተገኙ ሙሉው ዋጋ ይታሰብባቸዋል። ከተገኙ ግን ነጻ ቁርስና የስጦታ ካርድ አለ። «90 ደቂቃ ብቻ ነው» ተባለ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ። እኔ ከልጆቹ ጋር መዋኛው ዳር ቁጭ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። «ሚኪን መቼ ነው የምናየው?» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አልቆጠርኩትም። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ወጡ። አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። ባለቤቷ እጅ ላይ አንድ ወፍራም ማህደር አለ።

እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም። ስለ እንጀራ ጠየቃቸው፤ የልጆቹን ስም አጥንቶ በየመሐሉ ጠራላቸው። «በዓመት ለሆቴል ስንት ታወጣላችሁ? በሃያ ዓመት አባዙት» አለ። እምቢ ሲሉ አለቃውን ጠራ፤ አለቃው ዋጋ ቀነሰ። እንደገና እምቢ ሲሉ ሌላ አለቃ መጣ፤ እሱም ቀነሰ። «ይህ ዋጋ ከዚህ በር ከወጣችሁ የለም» አለ። በመጨረሻ የእህቴ ባል፣ ሰውየው አምስት ሰዓት ሙሉ ስለደከመላቸው አፈረ። አዎ፣ አፈረ! ፈረመ። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ከፈሉ። ካርዱን የሚሸፍኑት በየትኛው ገንዘብ ነው? አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ክረምት ሳይገባ የሚያፈስ ጣራዋን እንድታስቀይር ባስቀመጡት!

ነጻው ቁርስስ? እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ነበር። እህቴ ጾመኛ ናት። ያንን ውድ ቁርስ እንኳ ሳትቀምሰው ወጣች።

ያን ቀን ማታ የተባባሉትን እዚህ አልጽፈውም። ልጆቹ እንዳይሰሙ ቲቪውን ከፍ አደረግኩ፤ ግን ሰሙ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማህደሩን ከፈትኩት። እንግሊዝኛዬ የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ቢሆንም «10 ቀን» የሚለውን ቁጥር ለማንበብ አላነሰኝም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ነገርን ከሥሩ

ታይምሼር ማለት፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ አንድን የእረፍት ቤት ከብዙ ሰው ጋር በሳምንት ወይም በ«ነጥብ» ተከፋፍሎ መግዛት ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ20 ሺህ ዶላር ይበልጣል። በዚያ ላይ በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ። ሄዳችሁ አደራችሁም፣ ቤታችሁ ተኛችሁም ትከፍላላችሁ፤ ከዓመት ዓመትም ይጨምራል። «ሰለቸኝ፣ ልሽጠው» ስትሉ ደግሞ ገዢ ማግኘት ጣር ነው። በአንድ ዶላር ውሰዱልኝ የሚሉ ባለቤቶች አሉ። ተጠቅመውበት የረኩ ሰዎች የሉም አልልም። ግን ሳያስቡት ለሚገባ ሰው፣ አባቶቻችን እንዳሉት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለዚህ «3 ሌሊት በ99 ዶላር» ዓይነት ማስታወቂያ ስታዩ፣ ወይም መንገድ ዳር ያለች የቲኬት ሱቅ የፓርክ መግቢያ በግማሽ ዋጋ ልስጣችሁ ስትል፣ የጎደለውን የምትከፍሉት በዚያ ስብሰባ ውስጥ መሆኑን እወቁ።

ታዲያ የት ልደር?

አንደኛ፣ የግል ቤት ወይም የግል ኮንዶ። ኪሲሚና ዳቨንፖርት አካባቢ ለአጭር ጊዜ ኪራይ ታስበው የተሠሩ መንደሮች ሞልተዋል፤ ዊንድሶር ሂልስና ኤመራልድ አይላንድ ዓይነቶቹ። እያንዳንዱ ቤት የየግለሰቡ ነው። በኤርቢኤንቢ፣ በቪአርቢኦ ወይም ቤቶቹን በሚያስተዳድሩ ድርጅቶች በኩል ይከራያል። ሙሉ ኩሽና፣ የልብስ ማጠቢያ፣ አንዳንዴም የግል መዋኛ አለው። ብዙውን ጊዜ የበሩን ቁጥር በስልካችሁ ይልኩላችኋል፤ ቀጥ ብላችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ከዚህ የሚረክስ አታገኙም። ጉድለቱ? ያለ መኪና አይሆንም። የጽዳት ክፍያም አለ፤ የመዋኛውን ውሃ ለማሞቅ ለብቻው የሚያስከፍሉም አሉ።

ሁለተኛ፣ ኩሽና ያላቸው ሆቴሎች። ሬዚደንስ ኢን፣ ሆምዉድ ስዊትስ፣ ስቴይብሪጅ ስዊትስ የሚባሉት ክፍላቸው ውስጥ ምድጃና ትልቅ ፍሪጅ አላቸው። ሦስት ለአራት ቀን ብቻ ለሚሄድ ትንሽ ቤተሰብ ይሄ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ከአንዳንድ ትልልቅ የሆቴል ድርጅቶች በስልክ ክፍል ስትይዙ መጨረሻ ላይ «ልዩ የእረፍት ስጦታ ስላለን አንድ ደቂቃ ላገናኝዎ» ይላሉ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ዝጉ።

ሦስተኛ፣ የታይምሼር ባለቤት ከሆነ ሰው መከራየት። ዘንድሮ መሄድ ያልቻለ ባለቤት ቢያንስ የጥገና ክፍያው እንዲመለስለት ሳምንቱን ያከራያል፤ ሬድዊክን የመሳሰሉ መገናኛዎችም አሉ። ቆንጆ ኮንዶ በጥሩ ዋጋ ይገኛል። ግን እወቁት፤ ሁለተኛዋ ጠረጴዛ እዚያ ትጠብቃችኋለች! ዲዝኒ ራሱ በ1991 የጀመረው የእረፍት ክበብ አለው፤ አባላቱ ነጥባቸውን ያከራያሉ። እዚያ ቁልፍ ስትቀበሉ እንደዚህ መገፋት የተለመደ አይደለም። ሆኖም ሙሉ ኩሽና የሚገኘው ከባለ አንድ መኝታው ጀምሮ ነው፤ ስቱዲዮው ትንሽ ማሞቂያ ቢጤ ብቻ ነው ያለው። አብዛኛውን ጊዜም ብትሰርዙ ገንዘባችሁ አይመለስም።

ከመክፈላችሁ በፊት

አከራዩን በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቁት። «ቤቱ ያለው ታይምሼር የሚሸጥበት ሪዞርት ውስጥ ነው? ቁልፉን የምቀበለው ከማን ነው?» መልሱ «ከእንግዳ መቀበያው» ከሆነ ቀጥሉና «የመኪና ማቆሚያ ወረቀቱንስ?» በሉ። እዚህ ላይ ጉዱ ይወጣል። ከእናንተ በፊት ያደሩ ሰዎች የጻፉትን አስተያየትም አንብቡ፤ ገለጻ ስሙ የተባለ ሰው ካለ ሳያማርር አይቀርም።

«ፓርኩ አጠገብ» የሚለውን ቃል እንዳለ አትመኑ። የትኛው ፓርክ? ዲዝኒ ከኦርላንዶ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ዩኒቨርሳል ደግሞ ወደ ከተማው ይጠጋል። በግንቦት 2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ እንኳ ከቀድሞዎቹ የዩኒቨርሳል ፓርኮች ጥቂት ማይል ይርቃል። ልጆቻችሁ የሚፈልጉትን ፓርክ ለዩና ከቤቱ ያለውን ርቀት በካርታ ለኩ።

ከግንቦት 2025 ወዲህ በፌዴራል ደንብ መሠረት ማረፊያ የሚያከራይ ሁሉ የግዴታ ክፍያዎችን ጨምሮ ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት። የመንግሥት ቀረጥ ግን ኋላ ሊደመር ይችላል፦ ኪሲሚ ባለበት ኦሲዮላ ካውንቲ 13.5 በመቶ፣ ኦርላንዶ ባለበት ኦሬንጅ ካውንቲ 12.5 በመቶ ነው። 1,000 ዶላር ያላችሁት ኪሲሚ ሲደርስ 1,135 ሆነ ማለት ነው።

ደግሞ እባካችሁ፣ ለማታውቁት አከራይ በዜል አትላኩ! የሄደ ዜል አይመለስም። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ቤቱ የሌለ ቢሆን እንኳ ባንኩ ዘንድ የምትከራከሩበት መንገድ አላችሁ። በፍሎሪዳ ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ የሚከራይ ቤት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቁጥሩን ጠይቁና የስቴቱ የንግድና የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ እዩት።

ሁለተኛዋ ጠረጴዛ ብትገጥማችሁ

ቆማችሁ ተናገሩ፤ አትቀመጡ። «የመኪና ማቆሚያ ወረቀቴን ብቻ ነው የምፈልገው» በሉ። ለምን አትሰሙም ቢሏችሁ ምክንያት አትደርድሩ። «ጊዜ የለንም» ካላችሁ ሌላ ሰዓት ያመጡላችኋል፤ «ገንዘብ የለንም» ካላችሁ ብድር ያመጡላችኋል። «አንፈልግም» ለሚለው ግን የሚመጣ ነገር የለም። ለቀጠሮ መያዣ ብለው ካርድ ቢጠይቁ አትስጡ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ስልክ ጠዋት ጠዋት ካስቸገራችሁ ገመዱን ንቀሉት።

አንዴ ከፈረማችሁስ? በፍሎሪዳ ሕግ ምዕራፍ 721 መሠረት፣ ከፈረማችሁበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበላችሁበት ቀን፣ ከሁለቱ ከኋለኛው ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያትና ቅጣት ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ። ይህን መብት ትቻለሁ ብላችሁ ብትፈርሙ እንኳ አይጸናባችሁም። በስልክ አይሆንም፤ በጽሑፍ ነው። ደብዳቤው በፖስታ ከሄደ የሚቆጠረው ማኅተም ያረፈበት ቀን ነው። 10 ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ «እኛ እናወጣችኋለን፣ አስቀድማችሁ ክፈሉን» ከሚሉት ተጠንቀቁ፤ ሁለተኛ ጉድጓድ ናቸው።

እኛም ያን ሌሊት ያገኘሁትን ገጽ ይዘን በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄድን። እህቴ ደብዳቤውን ጻፈች፣ ሁለቱም ፈረሙ፣ በአደራ ደብዳቤ ላክነው፤ ደረሰኙንም ያዝን። ሻጩ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሱም። ገንዘቡ ተመለሰ። የእናታችን ጣራም ክረምት ሳይገባ ተቀየረ።

የእህቴን ባል እስከ ዛሬ የሚያናድደው ገንዘቡ አይደለም። «ሰውየው እኮ እንጀራው ነው፤ እኔ ነኝ ሰው ሳስቀይም ደስ የማይለኝ» ይላል። እውነቱን ነው። ያደግነው እምቢ ማለት ነውር ነው እየተባልን ነው። ቤታችን ለመጣ እንግዳ ይሉኝታ ደግ ነገር ነው። ኮሚሽን ለሚቆጥር ሰው ግን ይሉኝታችሁ የመሸጫ መሣሪያ ነው። አታስቀይሙትም፤ እናንተ ስትወጡ የሚቀጥለው ባልና ሚስት በር ላይ ቆመዋል።

ለደወልሽልኝ እህት፦ ለአራት ሰው፣ ለጾም ሰሞን፣ እኔ ብሆን የበር ቁጥር በስልክ የሚላክበትን የኪሲሚ የግል ቤት እይዝ ነበር። ሽሮና በርበሬሽን ከቤትሽ ያዢ፣ እንጀራሽን በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጊ። ሚኪንም በጊዜ እዩት፤ ልጅ መዋኛ ዳር እያስጠበቀ እንደ እኔ የሚቀመጥ አጎት አይኑር።

ሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ!