ሰዓቱን ማን ይዞታል?

ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ አንድ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ስለ አገሩ ሁለት ሰዓት ቢሟገት የሚያስቆመው የለም። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን አራት ኪሎ ስንደርስ ግን ሕዝብ መርጦ የላከው ሰው ደቂቃ ይቆጠርበታል።

መቆጠሩስ ባልከፋ። 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት ሁሉም እንዳሻው ይናገር ቢባል ሕግ አይወጣም። ዕድርም ዳኛ አለው። ጥያቄው ሰዓቱን ማን ይዞታል ነው!

እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ ወንበር ሲያገኙ፣ ተሰናባቹ ፓርላማ አጀንዳ ለማስያዝ የ51 በመቶ ድጋፍ ያስፈልጋል የሚል ደንብ አጸደቀ። ተቃዋሚው በሙሉ እጁን ቢያወጣ አንድ አጀንዳ አያስይዝም ማለት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተመራጭ በምክር ቤት በሰጠው አስተያየት አይከሰስም ይላል። አጀንዳውን ማስያዝ ያልቻለ ሰው ታዲያ በምኑ ይከሰሳል?

ደንቡ በኋላ ተሻሻለ። ግን ምን ዋጋ አለው? በ2002 የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አንድ ብቻ ቀረ፤ በ2007 እሱም ጠፋ። በእንግሊዝ ፓርላማ በየጉባኤ ዘመኑ 20 ቀን አጀንዳ የሚመርጠው ተቃዋሚው ነው።

በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ የነዋሪውን ጥያቄ አጀንዳ ማስያዝ የሚችል ስንት ተመራጭ ነበር?

ደቂቃው ይገደብ፣ እሺ። አጀንዳ የማስያዝ መብት ግን በድምፅ ብልጫ ሊነጠቅ አይገባም።