ናኒ ሁልጊዜ ሞግዚት አይደለችም

በትርጉም ትምህርታችን አንድ የእንግሊዝኛ አጭር ታሪክ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ታዘን ነበር። በታሪኩ ውስጥ አንድ ሕፃን «ናኒ» እያለ የሚጠራት አሮጊት አለች። እኛም መዝገበ ቃላት ገልጠን «ሞግዚት» ብለን አለፍን። በመጨረሻ አሮጊቲቱ ስትሞት የልጁ እናት «እናቴ!» እያለች ታለቅሳለች፤ ይህንንም ሞግዚቲቱን አክብራ ነው ብለን ተረጎምነው። አራሚውም ሳይነካው አለፈ። ናኒ የልጁ አያት መሆንዋ የገባን ወር ቆይቶ ነው።

ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የእኛ ብቻ ግን አይመስለንም። ከልጅነታችን ጀምሮ የተነገረን «ግራንድማዘር» ማለት ሴት አያት፥ «ግራንድፋዘር» ማለት ወንድ አያት መሆኑን ነው። እነዚህ ስለ አያት ለሌላ ሰው የሚነገርባቸው ቃላት ናቸው እንጂ፥ የእንግሊዝ ልጅ አያቱን ፊት ለፊት እምብዛም አይጠራባቸውም። እንደየአገሩና እንደየቤቱ ግራን፥ ናን፥ ናና፥ ግራንድማ ይላል፤ ወንዱንም ግራንዳድ፥ ግራምፕስ፥ ፖፕ። በሰሜን ዌልስ እንግሊዝኛ እየተናገሩ እንኳ በዌልስ ቋንቋ ናይንና ታይድ የሚሉ ቤቶች አሉ። «ናን» ብዙ ጊዜ የሠራተኛው መደብ ቃል ተደርጎ ይቆጠራል። «ግራኒ» ግን ቤተ መንግሥትም ገብታለች፤ ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በ2022 እ.ኤ.አ. ባረፉ ጊዜ ልዑል ዊልያም በሐዘን መግለጫቸው አያታቸውን የጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለሕፃንም ለሽማግሌም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍቅሩም አክብሮቱም የሚያርፈው በመጠሪያው ላይ ነው። በአማርኛ ግን ግሡ ራሱ ይናገራል። «ግራኒ፥ ውሃ ስጪኝ» እና «ግራኒ፥ ውሃ ይስጡኝ» ሁለት ልዩ ልዩ ቤቶች ናቸው፤ ተርጓሚው አንዱን ሳይመርጥ አንድ መስመር መሄድ አይችልም። «አያቴ ሆይ» ብሎ ማምለጥም አይሆንም። ከመካከላችን እማማ፥ እምዬ፥ አባባ ብሎ ያደገ እንጂ «አያቴ ሆይ» ብሎ ውሃ የጠየቀ አላገኘንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ቃሉን እንዳለ በፊደላችን መጻፍ ይበቃል ይላሉ። እኛ አንስማማም። በአሜሪካ ደቡብ ወንድ አያት ከሚጠራባቸው ቃላት አንዱ በፊደላችን ሲጻፍ «ፖፖ» ይሆናል፤ የትኛው ሽማግሌ ይታገሰናል?

ስለዚህ ወረቀታችንን ከመዝገብ አውጥተን እንደገና ጀምረነዋል። ሞግዚቲቱ «እማማ» ሆናለች፤ የእናቲቱም ልቅሶ ትክክለኛ ልቅሶ ሆኗል። ልጁ «አንቺ» ይበል ወይስ «እርስዎ» በሚለው ግን እስካሁን ድረስ እንከራከራለን፤ ገሚሶቻችን አያቶቻችንን አንቺ፥ ገሚሶቻችን እርስዎ እያልን ያደግን ነንና።