ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚነሣ ትኩሳት፦ ብግነት ወይስ ኢንፌክሽን?

አንድ ሕፃን ከልብ ቀዶ ሕክምና በወጣ በሁለተኛው ቀን የሰውነቱ ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ሐኪም በአስቸጋሪ ምርጫ ላይ ይቆማል። ትኩሳቱ ሰውነት ለቀዶ ሕክምናው የሰጠው የብግነት ምላሽ ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይበርዳል፤ ወደ ደም የገባ ተሕዋስ ያስነሣው ከሆነ ግን መዘግየት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የደም ካልቸር ውጤት አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ውሳኔው ግን ያን ያህል አይጠብቅም። በዚህ ረገድ በውጭ ሀገር የተካሄደው ጥናት ብዙ ያስተምራል፤ በልደታ ለሚታከሙ ሕፃናት ግን ብቻውን አይበቃም።

ብግነት፣ በተለመደው አነጋገር የሰውነት መቆጣት፣ በመሠረቱ መከላከያ ነው። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከልክ እንዲያልፍ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ልብንና ሳንባን ተክቶ የሚሠራው ማሽን ነው። ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 በፊላደልፊያ ይህን ማሽን በተሳካ ሁኔታ ከተጠቀመበት ጊዜ ወዲህ ልብን ከፍቶ መጠገን ተችሏል፤ ሰውነት ግን ማሽኑን በዝምታ አይቀበለውም። ደም የለመደው የደም ሥርን ውስጠኛ ገጽ ብቻ ስለሆነ የፕላስቲክ ቱቦውን እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። ኮምፕሌመንት የሚባሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች ይነቃሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ለውጊያ ይሰለፋሉ፤ ሳይቶካይን የተባሉት መልእክተኛ ፕሮቲኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ደም ተቋርጦበት የቆየው ልብ ዳግም ደም ሲያገኝም ሌላ ጉዳት ይከተላል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሳልፋሉ፤ ሕፃኑ ያብጣል፣ ሳንባው ይከብዳል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ከመተንፈሻ መሣሪያ የሚላቀቅበት ጊዜም ይራዘማል።

ጉዳቱ እንደ ሕፃኑ መጠን ይለያያል። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጨቅላ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ከሩብ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ማሽኑን ለመሙላት የሚያስፈልገው ፈሳሽ ከዚህ ጋር ሊተካከል ወይም ሊበልጠው ይችላል። 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ግን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ደም አለው፤ በእርሱ ዘንድ የማሽኑ ድርሻ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ «በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት» የሚለውን ሐረግ ሲያነቡ የትኞቹ ሕፃናት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የስቴሮይድ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ብግነትን ለማብረድ ለሕፃናት ስቴሮይድ መስጠት ለብዙ ዓመታት በበርካታ ሀገሮች የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ለሌላው አምሳያ መድኃኒት ሰጠ። በሞትና በከባድ ጉዳት ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ስቴሮይድ ከወሰዱት መካከል ግን 19 በመቶው በደም ስኳር መጨመር ምክንያት ኢንሱሊን አስፈልጓቸዋል፤ በሌላው ወገን ይህ ቁጥር 6.7 በመቶ ነበር። ውጤቱ ክብደት አለው፤ ከልማድ በቀር ሌላ ምክንያት ለሌለው አሠራርም ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

በልደታ፣ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ወደሚገኘው የልብ ሕክምና ማዕከል የሚመጡት ሕፃናት ግን በብዙ መልኩ ሌሎች ናቸው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በ1989 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ማዕከሉን በ2009 እ.ኤ.አ. ከከፈተ ወዲህም ተራ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላ ሀገር በጨቅላነት የሚደፈን ቀዳዳ እዚህ ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ሊደፈን ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ የሳንባው ደም ሥሮች በግፊት ይጎዳሉ፣ ሰውነቱም ይቀጭጫል። ከዚህ ሌላ የሩማቲክ የልብ ሕመምተኞች አሉ። «ብርድ ነው» ተብሎ የታለፈ የጉሮሮ ሕመም የሰውነትን መከላከያ በገዛ ልቡ ላይ ያስነሣባቸው እነዚህ ልጆች፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባታቸው በፊት ብግነትን ያውቁታል። ይህ ማለት ስቴሮይድ ይጠቅማቸዋል ማለት አይደለም። የአሜሪካው ጥናት ስለ እነርሱ አልተናገረም ማለት ብቻ ነው።

ወደ ትኩሳቱ እንመለስና፣ ለመለየት ይረዳል የሚባለው ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኢንፌክሽን በሌለበትም ከፍ ይላል፤ ጣራ የሚነካውም ልክ ትኩሳቱ በሚያሳስብበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር ስለዚህ እምብዛም አይናገርም፤ በተከታታይ ቀናት መውረዱ ወይም ዳግም መነሣቱ ይሻላል። በሌላ በኩል በጣም የተጎሳቆለ ልጅ ኢንፌክሽን ይዞትም ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። እንግዲህ አንዱ ያለ ኢንፌክሽን ይተኩሳል፣ ሌላው ያለ ትኩሳት ይመረዛል። ሐኪሙ ለሁሉም ጠንካራ አንቲባዮቲክ ቢያዝ ማንም አይፈርድበትም፤ ነገር ግን መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን በሆስፒታሎች በተስፋፉበት በዚህ ዘመን፣ ለብግነት የዋለው መድኃኒት ነገ ለእውነተኛው ኢንፌክሽን ላይሠራ ይችላል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ርዕስ ሲፈልግ ሳይቶካይን መለካት ያምረዋል፤ ስሙም ከበድ ይላል፣ ናሙናውም ወደ ውጭ ይላካል። ከዚያ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ነው፦ ዕድሜና ክብደት፣ የልቡ ችግር ዓይነት፣ በማሽኑ ላይ የቆየበት ደቂቃ፣ ስቴሮይድ መሰጠት አለመሰጠቱ፣ በየአራት ሰዓቱ የተለካ ሙቀት፣ የሽንት መጠን፣ ከመተንፈሻ መሣሪያ የወጣበት ሰዓት፣ አንቲባዮቲክ ከተጀመረም ለምን እንደተጀመረና ካልቸሩ በመጨረሻ ምን እንዳለ። ከውጭ የሚመጡ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች የየራሳቸውን ልማድ ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ይህ ገጽ የአሠራር ልዩነትንም ያሳያል። እርግጥ ነው፣ በዕጣ ያልተከፈለ ንጽጽር መድኃኒት አይፈርድም፤ ከባዱ ሕመምተኛ ከባዱን መድኃኒት ያገኛልና። ሆኖም ከተኮሱት ልጆች ስንቶቹ በእርግጥ ኢንፌክሽን እንደነበራቸው፣ በስንተኛው ቀንም እንደታወቀ ይመልሳል፤ ወደፊት ለሚደረግ የዕጣ ጥናትም መነሻ ይሆናል።

የሚነሣው ተቃውሞ የሥራ ጫና ነው፤ ተቃውሞውም እውነት አለው። ገጹን በየፈረቃው የሚሞሉት ነርሶች ናቸው፤ እነርሱ የማይሞሉት ዓምድ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የጥናቱ ዕቅድ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ከመቅረቡ በፊት የትኛው መጠይቅ እንደሚቆይና የትኛው እንደሚወጣ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ መወሰን ያስፈልጋል።