ፓነሉን በዶላር፣ ብሬከሩን በቅናሽ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ሰው በልቡ አንድ ነገር ጠብቆ ነበር፤ ከእንግዲህ መብራት አይጠፋም የሚል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ቀላል ነገር አይደለም። ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ቤት ድረስ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ግድቡ ያለው ጉባ ነው፤ መብራት የሚያጠፋብን ግን ብዙ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ያለው ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመርና ያረጀ መስመር ነው። ስለዚህ ከምርቃቱ በኋላም ጣሪያው ላይ ሶላር የሚያስገጥመው ሰው አልቀነሰም።

ወጪውም እየገፋ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በባንክ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቻይና ውስጥ የፓነል ዋጋ በዶላር ሲወርድ፣ እኛ ጋ የብሩ መውደቅ ከቅናሹ ላይ ሸርፎ በላበት። ፓነሉም፣ ባትሪውም፣ ኢንቨርተሩም በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ የያዘው የተቆረጠ ብር ነው። ታዲያ ከየት ይቀንስ?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ «ቁጥር ይገባዋል» ብለው ይሆናል፣ ዘመድ ወዳጅ የተሰጣቸውን ፕሮፎርማ በቴሌግራም ይልኩልኛል። ሁሉም ይመሳሰላሉ። ፓነል በዋት፣ ኢንቨርተር በኪሎ ዋት፣ ባትሪ በአምፔር ሰዓት፤ መጨረሻ ላይ «ገመድና መለዋወጫ» የምትል አንድ መስመር። የቤቱ ደኅንነት ያለው እዚያች መስመር ውስጥ ነው። ዋጋ ሲከራከሩ መጀመሪያ የምትቆረጠውም እሷው ናት። ይህ የገዢው ስስት ብቻ አይመስለኝም፤ ገበያው ራሱ ወደዚያ የሚገፋው ነገር አለ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ምን እየቆረጥን እንደሆነ እንይ።

መጀመሪያ የምጣዱ ጥያቄ

ኢንቨርተር ከፓነልና ከባትሪ የሚመጣውን ዲሲ ኤሌክትሪክ ቤታችን ወደሚጠቀምበት 220 ቮልት ኤሲ የሚቀይር ሣጥን ነው። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ዋት ልግዛ?» ብሎ ነው። እዚህ አገር ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ምጣዱ ይግባ ወይስ አይግባ?

ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖሎች፣ ዋይፋይና ላፕቶፕ አንድ ላይ ቢበሩ ብዙ ጊዜ 500 ዋት አይሞሉም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል። ምጣዱን ካስገባችሁ ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ግድ ነው። በዚያ ላይ በገበያው የተለመደው ባለ 48 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገር የሚፈጀው ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል። እንጀራው ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል፤ ማታው ጨለማ ነው።

የእኔ ምክር ምጣዱን ለመስመሩ መተው ነው። ማከፋፈያ ቦርዱ ለሁለት ይከፈል፤ ምጣድ፣ የውኃ ማሞቂያና ካውያ በአንድ በኩል ከመስመሩ ጋር ይቅሩ፣ የቀረው በኢንቨርተሩ በኩል ይሂድ። ያኔ ባለ 3 ኪሎ ዋቱ ለብዙ ቤት ይበቃል። ሲገዙ የፍሪጅና የውኃ ፓምፕ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ እንደሚስብ ግን መርሳት አያስፈልግም።

ዓይነቱም ቁም ነገር ነው። ከመስመሩ ጋር ብቻ ተጣምሮ የሚሠራ፣ ባትሪ የሌለው ኢንቨርተር አለ። እሱ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ብልሽት አይደለም፤ ፖል ላይ የወጣ ሠራተኛን እንዳይገድል ተብሎ እንዲያ የተሠራ ነው። ቢል ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከጨለማ አያድንም። እኛ የምንገዛው በዋናነት ከመጥፋት የሚያድን መድን ከሆነ፣ ባትሪ የሚቀበለውን ነው የምንፈልገው። ሱቅ ውስጥ «ሃይብሪድ» የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ዕቃ ስለሚለጠፍ ስሙን ትታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። መብራት ሲሄድ ይሠራል? ወደ መስመሩ መልሶ ኃይል ይልካል?

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ከመስመሩ የሚመጣውን ኃይል ከ90 እስከ 280 ቮልት ድረስ እንዳለ ወደ ቤት የሚያሳልፉበት አንድ አሠራር አላቸው፤ ከ170 በታች ሲወርድ ቆርጠው ወደ ባትሪ የሚዞሩበት ደግሞ ሌላ። ቮልቴጁ እንደ ልቡ በሚወጣና በሚወርድበት ሰፈር ፍሪጅ ያለው ሰው ሁለተኛውን ማስመረጥ አለበት። ይህ ምንም ብር አያስወጣም፤ ሜኑው ውስጥ ገብቶ አንድ ቁጥር መቀየር ነው።

መከላከያው ከምን ይከላከላል?

ከፓነሉ እንነሣ። ባለ 550 ዋት ፓነል ምንም ሳይጫንበት 50 ቮልት ገደማ ይሰጣል። አሥሩን በተከታታይ ብታያይዙ 500 ቮልት ነው። የኢንቨርተሩ ወረቀት ላይ «ከፍተኛው 500 ቮልት» ይላል፤ ልክ ነው ትላላችሁ። ነገር ግን የፓነል ቮልቴጅ የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው፤ ሲበርድ በየዲግሪው ሩብ ፐርሰንት ያህል ይጨምራል። በታኅሣሥ ማለዳ 5 ዲግሪ ላይ ያው አሥር ፓነል 525 ቮልት ይሆናል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ አገር ከዚያም ያልፋል። ኢንቨርተሩ ይቃጠላል፤ ከተፈቀደው ቮልቴጅ በላይ የደረሰን ጉዳት ደግሞ ዋስትና በአብዛኛው አይሸፍነውም። ዘጠኝ ፓነል ቢሆን 472 ነበር። እዚህ ላይ መከላከያው ዕቃ ሳይሆን አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ማባዛት ነው።

ቀጥሎ ብሬከሩ። የቤታችን ኤሲ ኤሌክትሪክ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ብሬከር ሲቆርጥ የሚፈጠረው የእሳት ቅስት በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ የተለመደውን የቤት ብሬከር ፓነል መስመር ላይ ብትገጥሙት፣ በከፈታችሁት ሰዓት ቅስቱ ሳይጠፋ ብሬከሩን ራሱን ሊያቀልጠው ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ የዋጋ ልዩነት ግን አላቸው። በዚህ ምክንያት ነው የሚቀያየሩት። የዲሲ ብሬከር የሚችለው ቮልቴጅ ላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ከተገጠመ በትክክል አይቆርጥም።

ባትሪው ከሁሉም ይብሳል። 5,000 ዋት ለ48 ቮልት ሲካፈል 104 አምፔር ነው፤ ብክነቱ ሲጨመር 115 ይጠጋል። ይህን የሚሸከም 35 ካሬ ሚሊ የሆነ ወፍራም ገመድና ለባትሪው ቅርብ የሆነ ፊውዝ ያስፈልጋል። ገመዱ ቢገናኝ ሊቲየም ባትሪ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ያን ጊዜ ፊውዙ በትክክል መቁረጥ ካልቻለ ቤት ውስጥ ብየዳ ተጀመረ ማለት ነው።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ መብረቅ አለ። ጣሪያ ላይ ያለ የብረት ማዕቀፍና ረጅም ገመድ አጠገብ የወደቀን መብረቅ ይቀበላል። ለዚህ የከፍተኛ ቮልቴጅ መከላከያ ይገጠማል፤ ግን ትርፉን የሚያፈስበት ግራውንድ ከሌለ ጌጥ ነው። ብዙ ቤት ሦስት ቀዳዳ ሶኬት አለው፤ ከሦስተኛው ቀዳዳ ጀርባ ሽቦ ስለመኖሩ ግን ማንም አያረጋግጥም። ሰው ሲነካው ቶሎ የሚቆርጠው ብሬከርም ቢሆን፣ መብራት ሄዶ በባትሪ ስንሠራ ኢንቨርተሩ ኒውትራሉን ከምድር ሽቦው ጋር ካላገናኘ ላይቆርጥ ይችላል። ገጣሚውን ስለዚህ በግልጽ ጠይቁት።

የመጨረሻው ለሰው ሕይወት ነው። መብራት ሲሄድ የኢንቨርተሩን ወይም የጄኔሬተሩን ኃይል በሶኬት በኩል ወደ ቤት የሚመልሱ አሉ። ዋናው ብሬከር ካልተዘጋ ያ ኃይል በቆጣሪው በኩል ወጥቶ ወደ ፖሉ ይሄዳል። መስመሩ ሞቷል ብሎ የሚጠግነው ሠራተኛ ላይ ይደርሳል። ሁለቱ ምንጮች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርግ ቼንጅ ኦቨር ለዚህ ነው የተሠራው።

ገበያው ለምን ዝም አለ?

እነዚህ መከላከያዎች በአብዛኛው ከጠቅላላ ወጪው ከአሥር እጅ አንዱን አይሞሉም። የሚጠብቁት ደግሞ ዘጠኙን እጅና ቤቱን ነው። ታዲያ ለምን ይዘለላሉ?

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በኋላም በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ጥናት ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ነበር። አሜሪካኖች ችግሩ ተሸፍኖ የሚሸጥን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ገዢው ጥሩውን ከሎሚው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋ ጥሩውን ዕቃ የያዘው ሰው አያዋጣውምና ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው ሎሚው ነው።

የእኛ ሶላር ገበያ እንዲሁ ነው። ፓነሉ ይታያል፤ ጎረቤትም ያየዋል። የብሬከሩ ዓይነትና የገመዱ ውፍረት ግን ግድግዳ ውስጥ ነው። በአግባቡ የሚገጥመው ባለሙያ ፕሮፎርማው ከፍ ስለሚል ሥራውን ያጣል፤ የሚዘለው ያገኛል። ጥፋቱ የሚታወቀውም ከሁለት ወይም ከሦስት ክረምት በኋላ ነው፤ ያኔ ገጣሚው ስልኩን ቀይሯል። ጉዳቱ ደግሞ ከገዢው ጋር ብቻ አይቀርም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሦስተኛ ፎቅ ባትሪ ቢቃጠል አራተኛው ፎቅ በቁጠባው ላይ ድምፅ አልሰጠም። ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍልለት ቁጠባ ሲኖር ገበያ ብቻውን አያስተካክለውም።

ምን ይደረግ?

ደቡብ አፍሪካ መብራት በፈረቃ ሲጠፋባት፣ በተለይ በ2023 እ.ኤ.አ.፣ ቤተሰቡ በገፍ ወደ ሶላር ዞሯል። እነሱ ጋ ግን የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ በተመዘገበ ባለሙያ የተፈረመ የብቃት ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ያለ እሱ ቤት መሸጥ አይቻልም፣ መድን ድርጅትም ወረቀቱን ይጠይቃል። ወረቀቱ ግድግዳ ውስጥ ያለውን እንዲታይ ያደርገዋል። የሎሚ ገበያ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

እኛም ከዜሮ አንጀምርም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ ተቋም ነው። የጎደለው ማረጋገጫውን ከእያንዳንዱ የቤት ሶላር ጋር ማያያዝ ነው። ገጣሚው የሠራውን በአንድ ገጽ ይፈርም፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ቆጣሪው ጀርባ ባትሪ ያለበትን ቤት ይመዝግብ፣ ሠራተኛውን ፖል ላይ ሲልክ እንዲያውቅ። ለሶላር የሚያበድር ባንክም ብድሩን ከመልቀቁ በፊት ያችን ገጽ ይጠይቅ፤ ከተቃጠለ የሚከስረው እሱም ነውና። ይህ ዶላር የማይጠይቅ ሥራ ነው።

እስከዚያው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፕሮፎርማ ሲሰጣችሁ «ገመድና መለዋወጫ» የምትለዋ መስመር ትዘርዘርልኝ በሉ። የዲሲ ብሬከሩ በስንት ቮልት፣ የባትሪው ፊውዝ በስንት አምፔር፣ ገመዱ በስንት ካሬ ሚሊ፣ የመብረቅ መከላከያው፣ የግራውንድ ዘንጉ፣ ቼንጅ ኦቨሩ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ዋጋ ይጻፍ። ከዚያ ሁለት ፕሮፎርማ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ርካሹ ለምን እንደረከሰ ያኔ ታዩታላችሁ። ብሩ ካልበቃ ደግሞ አንድ ፓነል ቀንሱ፤ ፓነል በሚቀጥለው ዓመት ይጨመራል።